ታሪኩን ልሽጠው ወይስ ልጻፈው?
ከጦር ሜዳ ተመልሶ የፊልም ደራሲ መሆን ለሚመኝ ወንድማችን

መቼም ዘንድሮ «የኔ ታሪክ እኮ ፊልም ይወጣዋል» የማይል ሰው የለም። የታክሲ ረዳቱ ይላል፣ ከዓረብ አገር የተመለሰችው ትላለች፣ ሦስት አግብቶ ሦስቱንም የፈታው ጎረቤታችንም ይላል። ሰምተን ስቀን እናልፋለን። ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው ሲለው ግን መሳቁ ይከብዳል። የሱ ታሪክ ውስጥ ዳግመኛ የማይናገሩ ሰዎች አሉበት፤ እሱ ካልተናገረላቸው ማንም አይናገርላቸውም።

ሰሞኑን ለዚህ ዓምድ የደረሰው ጥያቄ እንዲህ ያለ ነው። የመጣው ከዋጃ ነው። ዋጃን የማታውቁ የአዲስ አበባ ልጆች ካላችሁ፣ ከወልዲያ ተነስታችሁ ቆቦን አልፋችሁ ወደ አላማጣ ስትሄዱ መንገዱ የሚያልፍባት የራያ ቆላ ከተማ ናት። ሜዳው ማሽላ ነው፣ ፀሐዩ አይጣል ነው፣ ገበያው ላይ አማርኛው ከትግርኛው፣ ትግርኛው ከኦሮምኛው ጋር ተቃቅፎ ይውላል። ባለጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ዕድሜዬ 29 ነው። ከውትድርና የወጣሁት በጉዳት ነው፤ ግራ እግሬ እንደ ድሮው አይታዘዘኝም። አሁን ከእናቴ ጋር ነኝ። ከወንድሜ ጋር ትንሽ የሞባይል ጥገና ሱቅ አለችን። ሌሊት እንቅልፍ ሲያስቸግረኝ እጽፋለሁ፤ ሦስት ደብተር ሞልቷል። አዲስ አበባ ፊልም ከሚሠራ ሰው ጋር በዘመድ ተዋወቅሁና ታሪኬን ነገርኩት። ‹ደብተሮቹን አምጣና 30 ሺህ ብር ውሰድ፤ እኔ አስጽፈዋለሁ፤ አንተ ቁጭ ብለህ ማየት ነው› አለኝ። ብሩ ያስፈልገኛል። እናቴ ‹ያለፈውን ምን ያስቆፍርሃል?› ትላለች። እኔ ደግሞ ራሴ መጻፍ ነው የምፈልገው፤ ግን እንዴት እንደሚጻፍ የሚያሳየኝ ሰው የለኝም። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

በየትኛው ወገን ተሰልፎ እንደተዋጋ አልጽፍም፤ ለጥያቄውም አያስፈልግም። ደብተሮቹን ኮፒ አድርጎ በአውቶቡስ ላከልኝ፣ አነበብኳቸው፣ በስልክም ደጋግመን አወራን። መልሴ ለሱ ብቻ እንዳይቀር እዚህ አወጣሁት። በ2015 ዓ.ም. የተቋቋመው የብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ሊመልሳቸው ያቀዳቸው የቀድሞ ተዋጊዎች ብቻ ከ370 ሺህ በላይ ናቸው። ከነሱ መሐል ደብተር የሞላ ስንት እንዳለ እስቲ አስቡት!

አሜሪካኖቹ ምን አደረጉ?

ልጁ «የሚያሳየኝ ሰው የለኝም» ያላት ነገር፣ አሜሪካን አገር ራሷን የቻለች ፕሮግራም አላት። የሆሊውድ የፊልምና የቴሌቪዥን ደራሲዎች ማኅበር ፋውንዴሽን ከ10 ዓመት በላይ ያካሄደው ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። መጻፍ የሚፈልጉ የቀድሞ ወታደሮች ያመለክታሉ። የተመረጡት በነፃ ይገባሉ። መጀመሪያ ቅዳሜና እሁድን ከታወቁ ደራሲዎች ጋር አብረው ይውላሉ። ከዚያ ለአንድ ዓመት ያህል በየወሩ እየተገናኙ የጻፉትን ያመጣሉ፣ ያነባሉ፣ ይታረማሉ፣ ይመለሳሉ። እያንዳንዱ ሰው ፈረንጆቹ «ሜንተር» የሚሉት፣ እኛ መካሪ የምንለው፣ በሙያው የሚኖር ደራሲ ይመደብለታል።

ልብ በሉ! ፕሮግራሙ «ሥራ እሰጥሃለሁ» አይልም። «ታሪክህን እገዛሃለሁ» አይልም። የሚሰጠው ሁለት ነገር ነው፦ የሚያነብልህ ሰውና ቀነ ቀጠሮ። ወታደር ደግሞ ቀጠሮ ሲሰጡት ያውቅበታል። ከሲቪሉ ይልቅ በሰዓቱ የሚገኘው እሱ ነው።

ነገሩ ትናንት የተጀመረም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1944 አሜሪካ ከጦርነት የተመለሱ ወታደሮቿን ትምህርት ቤት የምታስገባበትን ሕግ አወጣች። ሮድ ሰርሊንግ የሚባል ልጅ ሁለተኛ ደረጃን እንደጨረሰ ፓራሹት ወለድ ጦር ገብቶ፣ ፊሊፒንስ ላይ ተዋግቶ፣ ቆስሎ ተመለሰ። በዚያ ሕግ ኮሌጅ ገባ፤ ለተማሪዎች ሬዲዮ ድራማ መጻፍ ጀመረ። ኋላ «ትዋይላይት ዞን» የሚባለውን፣ ከ1959 ጀምሮ የታየውን ስመ ጥር የቴሌቪዥን ተከታታይ የፈጠረው እሱ ነው። በሕይወቱ መጨረሻ ዓመታት ደግሞ በተራው ኮሌጅ ውስጥ ጽሑፍ ያስተምር ነበር።

ሁለተኛው ኦሊቨር ስቶን ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 እና 68 ቬትናም ላይ ተዋጋ። ሲመለስ ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፊልም ተማረ፤ ካስተማሩት አንዱ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ማርቲን ስኮርሴሲ ነበር። «ፕላቱን» የተባለውን የቬትናም ፊልሙን ስክሪፕት የጻፈው በ1976 ነው፤ ፊልሙ የወጣው በ1986 ነው። አሥር ዓመት! ወጥቶም የዓመቱ ምርጥ ፊልም የሚለውን ኦስካር ወሰደ። የሚገርመው ግን በስክሪፕት የመጀመሪያውን ኦስካር ያገኘው በራሱ ጦርነት አይደለም፤ ቱርክ ውስጥ ስለታሰረ ሌላ ሰው የሚተርከውን «ሚድናይት ኤክስፕረስ» ጽፎ ነው። ሙያውን በሰው ታሪክ አሳየ፣ ከዚያ የራሱን ታሪክ አምጡልን አሉት። ይህችን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

እኛስ?

«ያ አሜሪካ ነው፣ እኛ ጋ የታለ?» እንዳትሉኝ። የኛም ሠራዊት በአንድ ወቅት የኪነት ትምህርት ቤት ነበር። የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ባይኖር ጥላሁን ገሠሠን፣ ማሕሙድ አሕመድን፣ ብዙነሽ በቀለን በዚያ መልክ እናውቃቸው ነበር? ቤቱ መሣሪያ ነበረው፣ መለማመጃ ነበረው፣ መድረክ ነበረው፤ ከሁሉ በላይ «እዚህ ጋ ተሳስተሃል፣ ድገመው» የሚል ሰው ነበረው። ድምፃውያኑ ተዋግተው የመጡ አልነበሩም፤ ቢሆንም አንድ ነገር ያስተምሩናል። ተሰጥኦ የትም ይወለዳል፤ የሚያድገው ግን የሚያርመው ሰው ያለበት ቤት ውስጥ ነው።

የተዋጋ ሰው ምሳሌ ከፈለጋችሁ ደግሞ ጎንደር እንሂድ። ገሪማ ታፈረ በጣሊያን ወረራ ጊዜ አርበኛ ነበሩ። ከነፃነት በኋላ ጠመንጃውን ሰቅለው ብዕር አነሱ። «ጎንደሬ በጋሻው» የሚለውን የአርበኞች ታሪክ ጻፉ፤ ቴአትርም እየደረሱ በየቦታው ያሳዩ ነበር። በዚያ ቡድን ውስጥ አብሮ ይጫወት የነበረ አንድ ልጅ ነበር፤ የራሳቸው ልጅ ኃይሌ ገሪማ። ይህ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1967 አሜሪካ ሄደ፣ ቴአትርና ፊልም ተማረ፣ ከ1975 ጀምሮ ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ኖረ። «ጤዛ» የተባለው ፊልሙ በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት አገኘ። ሌላም ሽልማት ጨመረ፦ የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት!

እንግዲህ አስቡት። አርበኛው አባት የፊልም ሽልማት አልወሰዱም። ያደረጉት ነገር ቢኖር ያዩትን ወደ ጨዋታ እየለወጡ አንድን ልጅ አጠገባቸው ማቆም ነው። ያች አንዲት ነገር ከጎንደር ተነስታ ቬኒስ ደረሰች።

ከዚያ ወዲህ ሰንሰለቱ ተበጠሰ ልበል? በ1983 ዓ.ም. የቀድሞው መንግሥት ሲወድቅ ከ400 ሺህ በላይ ወታደር ወደየቀዬው ተመለሰ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላም እንዲሁ ብዙ ሺህ ሰው ተሰናበተ። ለተመላሹ የሚታሰብለት መቋቋሚያ ገንዘብ ነው፣ በሬና ዘር ነው፣ የእጅ ሙያ ነው። ጥሩ ነው፤ ሰው መጀመሪያ መብላት አለበት። የጦር ሜዳ ትዝታ መጽሐፍ ግን በአብዛኛው የደረሰን ከመኮንኖቹ ነው። ብርጋዲየር ጄኔራል ካሳዬ ጨመዳ «የጦር ሜዳ ውሎዎች»ን ጽፈውልናል፤ እግዜር ይስጣቸው። ተራው ወታደርስ? ቦይ ውስጥ ተኝቶ፣ የነገን ሳያውቅ ሲጋራ ለሦስት የተካፈለውስ? የሱ ታሪክ ቡና ቤት ይነገራል፣ ቡና ቤት ይቀራል።

ሦስት ደብተር ስክሪፕት አይደለም

አሁን ወደ ወንድማችን ደብተሮች ልምጣ። እውነቱን ልናገር፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደብተሮች ጉዞ ናቸው። «ከዚህ ተነስተን እዚያ አደርን፣ ውሃ አልነበረም፣ በማግስቱ ተኩስ ተከፈተ» እያለ ይሄዳል። እውነት ነው፤ ግን ማስታወሻ ነው። ፊልም ተመልካች የአንድ ክፍለ ጦርን ጉዞ አይከተልም፤ አንድ ሰው ነው የሚከተለው።

ሦስተኛው ደብተር መሐል ግን በአራት መስመር የተጻፈች ነገር አገኘሁ። ልጁ ከተሰናበተ በኋላ የሞተ ጓደኛውን እናት ሊጠይቅ ሄደ። የጓደኛውን ሰዓት ይዟል። እናትየው ቡና አፈሉ። አቦሉ ተጠጣ፣ ቶናው ተጠጣ፣ በረካው ተጠጣ። «ልጄ እንዴት ሞተ?» ብለው አልጠየቁም። እሱም አልነገራቸውም። ሰዓቱን ስኒው አጠገብ አስቀምጦ ወጣ። አለቀ።

ስልክ ደወልኩና፦

«ስማ እንጂ፣ ሰዓቱ ይሠራ ነበር?» አልኩት።

ዝም አለ። ቆይቶ፣ «አዎ፣ ይሠራ ነበር» አለኝ። «እማማ ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ሰሙት።»

«ታዲያ ይህን ለምን አልጻፍከውም?»

«ይሄ እኮ ምንም አይደለም ብዬ ነው!»

አያችሁ? መካሪ የሚባለው ሰው ሥራው ይኸው ነው። የሚጽፍልህ ሰው አይደለም። አንተ «ምንም አይደለም» ብለህ የዘለልከውን «እሱን ነው የምፈልገው» የሚልህ ሰው ነው። ሁለት ደብተር ሙሉ ከተተኮሰው ጥይት ይልቅ ያች እናት ጆሮዋ ላይ ያስጠጋችው ሰዓት ትጮኻለች። ባለቤቱ ግን ብቻውን አያያትም፤ በጣም ቀርቦታላ!

የፊልም ጽሑፍ ሕጉ ደግሞ ከባድ አይደለም። የሚታየውንና የሚሰማውን ብቻ ትጽፋለህ። «በጣም አዘነ» አይባልም፤ ምን አደረገ? እያንዳንዱ ትዕይንት ውስጥ ነው ውጪ፣ የት ነው፣ ቀን ነው ማታ፣ ብለህ ትጀምራለህ። አንድ ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ነው፤ ስለዚህ ሙሉ ፊልም ከ90 እስከ 120 ገጽ ይደርሳል። ይህን ሁሉ በአንድ ሳምንት ትማረዋለህ። «የትኛው ትዕይንት ይቅር?» የሚለውን ለመማር ግን ዓመትም አይበቃ፤ ለዚህ ነው ሰው የሚያስፈልገው።

ዋጃ ተቀምጦ መካሪ ከየት ይመጣል?

አንደኛ፣ አዲስ አበባ ካልመጣሁ አትበል። ሱቅህን ዘግተህ፣ እናትህን ጥለህ፣ ፊልም ሠሪ ልሆን ብለህ ፒያሳ ብትከራተት የምትማረው ረሃብ ነው። የስክሪፕት ክፍያ ሲመጣ ይመጣል፣ ሲቀር ይቀራል። እንጀራህን የሞባይል ጥገናው ይስጥህ፤ ጽሑፉ የማታ ይሁን።

ሁለተኛ፣ መካሪህ የታወቀ ሰው መሆን የለበትም። ጥሩ አንባቢ ይሁን። የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ መምህር፣ የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ያቋቋመ ሰው፣ ከቀበሌ ኪነት ጊዜ ጀምሮ ድራማ ሲያዘጋጅ የኖረ አንድ ጋሼ የሌለበት ከተማ የለም፤ ዋጃና ቆቦም ይኖራሉ። ወልዲያ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ሂድና የሥነ ጽሑፍ መምህራንን አነጋግር። ስትሄድ «ታሪኬ ፊልም ይወጣዋል» አትበላቸው፤ ይህን በቀን አሥር ጊዜ ይሰማሉ። «አምስት ገጽ ጽፌአለሁ፤ ቢያነቡልኝ በሁለት ሳምንት አርሜ እመለሳለሁ» በላቸው። በሁለት ሳምንትም ተመለስ። ሦስተኛ ጊዜ ስትመለስ እነሱ ራሳቸው ይጠብቁሃል።

ሦስተኛ፣ ቀጠሮው ቁርጥ ያለ ይሁን። በወር ሁለት ጊዜ፣ አሥር አሥር ገጽ፣ ለአንድ ዓመት። መገናኘት ካልተቻለ ገጹን ፎቶ አንስተህ በቴሌግራም ትልካለህ፤ መካሪህ በድምፅ ይመልስልሃል።

አራተኛ፣ በጦርነቱ አትጀምር። ኦሊቨር ስቶንን ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። መጀመሪያ ስለ ሌላ ነገር አንድ አምስት ገጽ አጭር ፊልም ጻፍ፤ ስለ ሞባይል ሱቁ ጻፍ። የተሰበረ ስልክ ይዛ መጥታ «ውስጡ ያለው የልጄ ድምፅ እንዳይጠፋብኝ» የምትል ሴት አትመጣም? ትመጣለች! ሙያውን በሷ ተለማመድ፤ የራስህን ታሪክ የምትነካው እጅህ ሲፈታ ነው።

አምስተኛ፣ ሬዲዮን አትናቃት። ሬዲዮ ካሜራ አይፈልግም፣ መብራት አይፈልግም፣ ታንክ አይፈልግም። በ1990ዎቹ የተላለፈውን «የቀን ቅኝት» የተባለ ተከታታይ የሬዲዮ ድራማ ስንቶቻችሁ ታስታውሳላችሁ? 257 ክፍል ነበረው! አገር ምድሩ ሥራ ፈትቶ ይሰማው ነበር። ለጀማሪ ደራሲ ከሬዲዮ የተሻለ መለማመጃ የለም፤ ሰርሊንግም የጀመረው በሷ ነው።

መካሪ ነኝ ባይን እንዴት ልለይ?

ደህናው መካሪ ይጠይቅሃል፤ መጥፎው ይነግርሃል። ደህናው «ይህን አንተ ጻፈው» ይላል፤ መጥፎው «ተወው እኔ አስተካክለዋለሁ» ይላል። ደህናው ስለ ሞቱት ስታወራ ድምፅህ ከተቀየረ «ዛሬ ይብቃን» ይላል፤ መጥፎው «ይቺ ታስለቅሳለች፣ ጨምርበት!» ይላል። ከዚህ ዓይነቱ ሽሽ!

በነገራችን ላይ ይህ ነገር ዋዛ አይደለም። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳህን ነገር ሌሊት መጻፍ ቁስልን በጨለማ እንደመነካካት ነው። መጻፉን ወደ ቀን አዙረው። ቅዠቱ ከበዛ፣ ድንገተኛ ድምፅ ካስደነገጠህ፣ ሰው ካስጠላህ ሆስፒታል ሄደህ የአእምሮ ጤና ባለሙያ አነጋግር። መካሪ ሐኪም አይደለም፤ ደብተርም መድኃኒት አይደለም። እናትህ «ያለፈውን ምን ያስቆፍርሃል?» ያሉትም በክፋት አይደለም፤ ሌሊት መብራትህ ሲበራ አብረውህ ነቅተው የሚያድሩት እሳቸው ናቸው። ከምትጽፈው ውስጥ አንዷን፣ ቀለል ያለችውን፣ አንድ ቀን ቡና ላይ አንብብላቸው። ልጃቸው ምን እየሠራ እንደሚያመሽ ይወቁ።

30 ሺህ ብሩስ?

እዚህ ላይ ጠበቅ ልበል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባል ሕግ አለን፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ሕጉ ሐሳብን አይጠብቅም፣ የተጻፈን ሥራ ይጠብቃል። ቡና ላይ ያወራኸውን ማንም ሰምቶ ሊሮጥበት ይችላል። ደብተርህ ላይ ያሰፈርከው ግን ከጻፍክበት ሰዓት ጀምሮ ያንተ ነው፤ ጥበቃው በሕይወት እስካለህና ካረፍክም በኋላ ለ50 ዓመት ለወራሾችህ ይቆያል። ሦስቱ ደብተሮች ባዶ ወረቀት አይደሉም፤ ንብረት ናቸው።

ስለዚህ፦

ዋናውን ደብተር ለማንም አትስጥ። ኮፒ አድርግ፤ ኮፒውን በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አስመዝግብ።

መሸጥ ካለብህም በቃል አትሽጥ፤ ውል ይጻፍ። ውሉ ውስጥ የሸጥከው ለአንድ ፊልም ብቻ መሆኑ፣ የመጽሐፍና የተከታታይ ድራማ መብቱ አንተ ጋ መቅረቱ፣ ስምህ በፊልሙ ላይ በምን ሁኔታ እንደሚወጣ፣ ፊልሙ በዚህን ያህል ዓመት ካልተሠራ መብቱ ወደ አንተ እንደሚመለስ ይግባ። ሰውየው ይህን ሲሰማ ከተቆጣ መልስህን አግኝተሃል።

ደህና ሰው ከሆነ ደግሞ እንዲህ በለው፦ «ብሩን ቀንስና ከደራሲህ ጋር አብሬ ልጻፍ።» ገንዘቡ ያልቃል፤ ሙያው ይቀራል። ይህን የሚቀበል ፕሮዲዩሰር ካገኘህ መካሪም አገኘህ ማለት ነው።

ሌላም አለ። የጓደኞችህን ስም ቀይር። የሞተ ሰው ቤተሰብ አለው፤ የልጃቸውን አሟሟት መጀመሪያ በፊልም ማየት የለባቸውም። የጦር ሚስጥር የሚሆን ነገርም አትጻፍ፤ ለፊልሙ አይጠቅምም፣ አንተን ግን ያስጠይቅሃል።

ማን ያየዋል?

በስልክ ስናወራ ልጁ አንድ ነገር ነገረኝ። ሱቃቸው ፊት ለፊት ጫማ የሚሸጥ ወጣት አለ። እሱም ተዋግቷል፤ በዚያኛው ወገን። ሁለቱም ያውቃሉ፤ አውርተውበት ግን አያውቁም። ስልኩ ሲበላሽበት ወንድማችን ይሠራለታል፤ ዋጋ አይከራከሩም። እንዲህ ነው ራያ። ጦርነቱ በ2013 እና 14 ዓ.ም. በነዚህ ከተሞች ሲመላለስ ቆይቶ፣ በነሐሴ 2014 ዳግመኛ ሲቀሰቀስም ቆቦ አካባቢ ነበር። ተኩሱ ሲያበቃ ግን ሰዉ ያው አንድ ገበያ ነው የሚወጣው።

ይህን ስሰማ «ወንድሜ፣ ፊልምህ ተገኘ!» ነበር ያልኩት። አዲስ አበባ ያለው ፕሮዲዩሰር የሚፈልገው ተኩሱን ነው። ተኩስ ማንም ይሠራዋል፤ ሆሊውድ በየሳምንቱ ይሠራዋል። ዋጋ የማይከራከሩትን የሁለቱን ልጆች ነገር ግን ዋጃ ሱቅ ውስጥ ያልተቀመጠ ሰው አይጽፈውም። ስክሪፕትህ ሲያልቅ ፈተናው ይኸው ይሁን፦ ጫማ ሻጩ ፊትህ ቁጭ ብሎ ቢያየው እስከ መጨረሻው ይቀመጥ ነበር ወይ? ከራሱ ጋር ባይስማማ እንኳ «እኔንም ሰው አድርጎ ጽፎኛል» ይል ነበር ወይ? ይል ነበር ካልክ፣ ፊልም ጽፈሃል። ተነስቶ ይሄድ ነበር ካልክ ግን የጻፍከው መግለጫ ነውና እንደገና ጻፈው።

ለናንተ ለከተማ ልጆችም አንድ ቃል አለኝ። ከመሐላችሁ ቴአትር የተማራችሁ፣ ፊልም ሥልጠና የወሰዳችሁ፣ አጭር ፊልም ሠርታችሁ ዩቲዩብ ላይ የጫናችሁ ትኖራላችሁ። «ማን ዕድል ይስጠኝ?» እያላችሁ ትቀመጣላችሁ። እስቲ በወር ሁለት ጊዜ ለሁለት ሁለት ሰዓት የአንድ የቀድሞ ወታደር አሥር ገጽ አንብቡ። ገንዘብ አያስወጣም፣ ፈቃድ አያስጠይቅም፣ ቢሮ አይፈልግም። አሜሪካኖቹ ያደረጉት እኮ ሌላ አይደለም፤ አንድ የሚያውቅ ሰው ከአንድ ካየ ሰው ጋር ማስቀመጥ ነው። እናንተም ትጠቀማላችሁ፤ ስክሪፕት አጻጻፍ ታውቁ ይሆናል፣ የምትጽፉት ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሲቸግራችሁ አያለሁ። በየፊልሙ ያው የሀብታም ልጅ ያችን የድሃ ልጅ ማፍቀሩ አልሰለቻችሁም?

ወንድሜ፣ ላንተ ቁርጥ ያለው ምክሬ ይኸው ነው። ደብተሮቹን አትሽጥ። ሱቁን አትዝጋ። የጦርነቱን ታሪክ ለጊዜው አሳድረው፤ መጀመሪያ ስለዚያች ስልክ ይዛ ስለምትመጣው ሴት አምስት ገጽ ጻፍ። ቆቦም ሆነ ወልዲያ ወርደህ የሚያነብልህ አንድ ሰው ያዝ። እሱን እስክታገኝ ድረስ እኔ አነባለሁ፤ በወር ሁለት ጊዜ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ። የመጀመሪያው አምስት ገጽ ከዛሬ ጀምሮ በሁለት ሳምንት ይድረሰኝ። ብታረፍድ እንደ አለቃህ ነው የምቆጣህ፤ አንተም ታውቃለህ!